የሬንዲር ሰኮና

ልጄ የባዮሎጂ ተማሪ ናት። ባለፈው የብርድ ወራት ሬንዲር የሚባለውን የበረዶ አገር አጋዘን በዱሩ ልታጠና ለሦስት ወር ወደ ኖርዌይ ተራሮች ሄደች። እኔ ከጭንቀቴ ጋር በምንኖርበት ሰፈር፣ ሃርልስደን ቀረሁ። ኤርፖርት ስሸኛት የሰጠኋት ምክር አንድ ብቻ ነበር፤ «የማታውቂውን ሥጋ እንዳትቀምሺ።»

ሁለት ሳምንት ያህል ኔትወርክ የለም እያለች በጽሑፍ ብቻ ስትመልስልኝ ቆየች። ከዚያ ፎቶ ላከች። ፊቷ ምጥጥ ብሏል፣ ዓይኗ ጎድጉዷል። ደንግጬ ብደውል «እዚህ የሚበላው ያው የሬንዲር ሥጋ ነው» አለችና ወሬ ቀየረች። በቃ፣ ልጄ በእኔ ትእዛዝ በረሃብ ልታልቅ ነው አልኩ። እንቅልፍ አጣሁ።

ስለ እንስሳ እንደዚያ ሰሞን አንብቤ አላውቅም። ሬንዲር ሴቷም ቀንድ አላት። ዓይኑ በበጋ ወርቅማ፣ በብርድ ሰማያዊ ይሆናል። በረዶ ሲመጣ የሰኮናው ጠርዝ ይሳላል፤ ከበረዶው ሥር ያለውን ሽበት የመሰለ ተክል አሽትቶ፣ ቆፍሮ ይበላል። ይደንቃል፤ እኔ ግን የምፈልገው የሙሴን ሕግ ነው። ያመሰኳል? አዎ፣ ያመሰኳል። ሰኮናውስ ተሰንጥቋል? እዚህ ላይ «አራት ጣት አለው» ይላል። ሕጉ ለሁለት የተሰነጠቀ ነው የሚለው፤ አራትስ?

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን በር ላይ ይዤ የልጄን ነገር ነገርኳቸውና የሰኮናውን ፎቶ ከስልኬ ዘረጋሁላቸው።

«አባ፣ እርስዎ ይዩልኝ፤ አራት ነው!»

መነጽራቸውን አስተካክለው አዩት። «በግ አይተህ አታውቅም እንዴ? በግስ ከኋላ ሁለት ትንንሽ የለውም? ዋናው የፊተኛው ነው፤ ይኸው ተሰንጥቋል። አማትባ ትብላ። አንተም እረፍ።»

ከግቢው ሳልወጣ ደወልኩላት። «ብዪ ልጄ፣ ይበላል!»

«አባዬ፣ ሶሪ፤ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ እየበላሁ ነው» አለች።

«ታዲያ ምን አከሳሽ?»

«የሳንባ ምች ይዞኝ ነበር። ሁለት ሳምንት ተኛሁ። አብረውኝ ያሉት ናቸው በሬንዲር መረቅ ያነሱኝ። አሁን ፋይን ነኝ፣ ሐኪም ቼክ አድርጎኛል።»

የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ። ልጄ በሰው አገር በትኩሳት ስትነድ እኔ እዚህ የአጋዘን ጣት እቆጥራለሁ። በራሴ አፈርኩ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ምን አበሉሽ ትለኛለህ ብዬ ፈርቼ ነው» አለችኝ።