ጉርሻ በአፍንጫ

ሁለት ደቂቃ ስጡኝ፤ አትቆጩበትም።

አጎቴ ጋሽ ሞላ መዋጥ አቅቷቸው ቆቦ ሐኪም ቤት ተኝተው ነበር። በአፍንጫቸው የገባላቸውን የምግብ ቱቦ ነቅለው ስለጣሉት ነርሷ ሌላ አስገባችና «ይህንንም ከነቀሉት ወደ ደሴ ነው የምንልክዎት» አለቻቸው። እጃቸው ግን ወዲያው ወደ አፍንጫቸው ሄደ።

እኔ ደግሞ ስለ ቱቦ ያላነበብኩት የለም። «ጋሼ፣ የድሮው ደረቅ ነበር፤ ይሄ በሰውነት ሙቀት ይለሰልሳል። ጫፉም ተሻሽሏል፤ ምግብ በስህተት ወደ ደም ሥር እንዳይሄድ ከመድኃኒት መርፌ ጋር አይገጥምም...»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ዝም በል አንተ፣ በወሬ የጠገበ አለ?» አሉኝ ከዋጃ የመጡት ታላቅ እህታቸው እትዬ ዘነቡ። «ሰው ሳያጎርሰው እንዴት ይብላ?» አጥሚት የተሞላውን መርፌ የሌለው ስሪንጅ ከነርሷ ተቀብለው፣ እሷ እያሳየቻቸው ከቱቦው ገጠሙት። «ሞልዬ፣ እህትህ አፈር ስሆን።»

የጋሽ ሞላ እጅ ወረደ።

«ይቺን ደግሞ፣ በሞቴ።»

ሁለተኛው እንዳለቀ ጋሽ ሞላ ሌላ ንጹሕ ስሪንጅ አንስተው ከአጥሚቱ ሳቡና ወደ እህታቸው አፍ ዘረጉት። እትዬ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ጎረሱ። «ኧረ ጋሼ፣ ይሄ ለአፍ አይደለም» ብዬ ላስረዳ አፌን ስከፍት እኔንም አጎረሱኝ።

ቱቦ የገባለት ዘመድ ካላችሁ ነርሷን አስፈቅዳችሁ አጉርሱት። ሞክሩት፤ ግን አፋችሁን ዘግታችሁ።