መንገድ የሌለው ሥዕል

«መንገዱን የት አደረግሽው?» አሉኝ ዛሬ ረፋድ ላይ ጎረቤታችን ሐጂ፣ ከሱቃቸው ወጥተው ሥዕሌን ትክ ብለው እያዩ።

ወንድሜ ለሥራ ወደ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ተሻግሮ ድምፁ ከጠፋ ወዲህ፣ ሲጨንቀኝ በሰሊጥ ጆንያ ላይ የመተማን ሜዳ እሥላለሁ። ቀለሙን የሚሰጡኝ ሐጂ ናቸው፤ ከበር ቀለም የተረፈውን። ለዚህ ነው ሰማዬ የሰፈሩን በር ሁሉ የሚመስለው።

ሁልጊዜ የምሥለው ታጭዶ እንዲደርቅ የቆመውን የሰሊጥ ነዶ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ይመስላል። ከጀርባው ሙቀቱ እንደ ውሃ ይርገበገባል፤ ከዚያ ወዲያ ሱዳን ነው።

«ወንድሜን የወሰደብኝ መንገድ ነው፣ ላየው አልፈልግም» አልኳቸው።

ሐጂ ቀስ ብለው፣ «ታዲያ ልጄ፣ በየት በኩል ሊመጣ ነው?» አሉኝ።

ብሩሹን አነሣሁና ከሱዳን ጀምሬ፣ በነዶዎቹ መሀል አድርጌ፣ እስከ ደጃችን ድረስ ሣልኩት።

እናንተስ፣ በክፉ ቀን ላለማየት የተዋችሁት ነገር አለ? ጻፉልኝ፣ አነባለሁ። መንገዱ እስኪደርቅ ዶሮ እንዳይረግጥብኝ አጠገቡ ተቀምጫለሁ።

መጀመሪያ እንዲረግጠው የምፈልገው ወንድሜ ነው።