ውሃ ሽቅብ ያወጡት ጋሽ ሰይድ

ባለፈው ወር ደብረ ታቦር ለምናሠራት ቤት ቧንቧ የሚገጥም ልጅ መጥቶ ነበር። የብረቱን ጥርስ በቃጫ ጠምጥሞ፣ ቀለም ለቅልቆ፣ የቧንቧውን ማጠፊያ ኤልቦ ሲያጠብቅ ያ ሽታ ሳላስበው አፍንጫዬ ውስጥ ገባ፤ የእርጥብ ብረት፣ የቀለምና የቃጫ ሽታ። የያዝሁትን ሳፋ እንደያዝሁ ቆሜ ቀረሁ። ልጁ «እትዬ፣ ምነው? ጠመመ እንዴ?» አለኝ። «አልጠመመም፤ ሥራህን ሥራ» አልሁት። ጋሽ ሰይድ ትዝ ብለውኝ ነው ብዬ ብነግረው ምን ይገባዋል።

ጋሽ ሰይድ የአርብ ገበያ ከተማ ሰው ነበሩ። እዚያ ጠባብ ሱቅ ውስጥ የቧንቧ ዕቃ ይሸጣሉ፤ የጠራቸው መንደር ድረስ ሄደውም ይገጥማሉ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጭ ቆብ የማይለያቸው ሰው ናቸው፤ ጉራቸው ደግሞ አይጣል ነው። የውሃ ኮሚቴው ጠርቷቸው እኛ መንደር የመጡ ዕለት የሸራ ከረጢታቸውን ጆንያ ላይ ዘረገፉት። ኤልቦው፣ ባለ ሦስት አፉ ቲ፣ አጭሩ መቀጠያ ኒፕል፣ ባለ ቀይ እጀታው ቫልቭ ፀሐይ ላይ ሲያብረቀርቅ ንዋየ ቅድሳት የወጣ ነው የመሰለኝ። አንዱ ካንዱ ጥርስ ለጥርስ ሲገጣጠም አፌን ከፍቼ አያለሁ፤ ማን ይሆን እንዲህ አድርጎ የለካው እያልሁ። ቫልቩን አንስተው «ይህችን ዘወር ሳደርጋት ወንዝ ይቆማል» ሲሉ አመንኋቸው። ዛሬም አምናቸዋለሁ።

መንደራችን አምባ ላይ ናት፤ ውሃችን ገደል ውስጥ ነበር። እናቴ እንስራ እንዳዘለች እዚያ ገደል ላይ ወድቃ ወገቧ ከተጎዳ ወዲህ ጀሪካኑ የኔ ሆነ። ቀድቼ እስክወጣ ትምህርት ቤቱ ተጋምሶ ይጠብቀኛል። ደህና ምንጭ ያለው ማዶ ተራራው ላይ ነው፤ በኛና በሱ መካከል ግን ያው ገደል አለ። ጋሽ ሰይድ ማዶውን በዓይናቸው ለክተው፣ «ምንጩ ከናንተ በጥቂት ከፍ ይላል፤ ይበቃል። ውሃው ገደል ይወርዳል፣ ከዚያ ሽቅብ ወደናንተ ይወጣል» አሉ።

ቄሱ አባ ይርጋ ሳቁ። «ኧረ አቶ ሰይድ፣ ውሃ እንደ ፍየል ገደል ይወጣል እንዴ?»

ጋሽ ሰይድ ከከረጢታቸው ውስጡ የሚታይ የላስቲክ ቱቦ አወጡና ሁለቱን ጫፍ እንደ በሬ ቀንድ ወደ ላይ አቁመው ባንደኛው ውሃ አፈሰሱበት። ውሃው ወረደ፣ በሌላው ቀንድ ወጣ፣ የአባ ይርጋን እጅ አራሰው። አባ አማተቡ።

ቁፋሮው ተጀመረ። ገደሉ ውስጥ የብረት ቧንቧ፣ አምባው ላይ ጥቅልሉ ጥቁር ፕላስቲክ ነበር የሚዘረጋው። ጋሽ ሰይድ የሚቆፈርበትን በኖራ አሰመሩ፤ መስመሩ አውድማችንን መካከል ለመካከል ሰንጥቆ አለፈ። አባቴና ሌሎቹ ወንዶች አይተው «እሺ» አሉ። እኛ አገር አውድማ አይቆፈርም፤ በጫማ እንኳ አይረገጥም። እንግዳን ፊት ለፊት እምቢ ማለትም ነውር ነው። እንግዲህ ምን ይደረግ? አርብ ቀን ጋሽ ሰይድ የጎደለ ዕቃ ሊያመጡ ገበያ ሲሄዱ፣ ወንዶቹ ቱቦውን ከአውድማው በላይ ባለው ጉብታ አዙረው ቀበሩት፤ አፈሩንም አሳምረው ደለደሉት። ጋሽ ሰይድ ሲመለሱ ገደሉ ውስጥ ሥራ ነበራቸውና ወደ አውድማው አልወጡም፤ የነገራቸውም የለም።

ውሃው የሚለቀቅ ዕለት ሴቱ ሁሉ ጀሪካኑን ይዞ ቦኖው ጋ ተሰለፈ። ማዶ ቫልቩ መከፈቱ በፉጨት ተነገረን። ቧንቧው አስነጠሰ፣ አስነጠሰና ዝም አለ። ጠበቅን። ጥላው ዞረ። የውሃ ኮሚቴው ሊቀ መንበር «ካልወጣማ ቦኖው ገደሉ ግርጌ ይተከል፤ የተረፈው ቱቦም ለሌላ መንደር ይሂድ» አለ። እናቴን አየኋት፤ ወገቧን ይዛ መሬት መሬት ታያለች። ያ ገደል እስካገባ ድረስ፣ ካገባሁም በኋላ የኔ ነው ማለት ነው።

የጋሽ ሰይድ ጉራ ጠፋ። ገደል ወርደው ጆሯቸውን ብረቱ ላይ ለጠፉና «እዚህ ሞልቷል» አሉ። ከዚያ አዲሱን አፈር እየተከተሉ ወጡ፤ እኔና አባቴ፣ ከመንደሩም ብዙ ሰው ከኋላቸው ነን። አውድማው ጋ ሲደርሱ አፈሩ ታጠፈ። ቆሙ። ጉብታውን አዩ፣ ያልተወቃውን የገብስ ክምር አዩ፣ ከዚያ አባቴን አዩት። አባቴ አንገቱን ደፋ። አሁን ይጮሃሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢጮሁም እውነታቸውን ነው። እሳቸው ግን ጫማቸውን አውልቀው፣ አውድማውን በባዶ እግራቸው አቋርጠው ጉብታው ላይ ወጡ። የማዶውን ቫልቭ አስዘጉ፣ አስቆፈሩ፣ ቱቦውን በመጋዝ ቆርጠው ቲ አስገቡበት፤ በቲው ራስ ላይ አንዲት ትንሽ ቫልቭ አጠበቁ። «መንገዱን የዘጋው አየር ነው። ጉብታ ላይ ይሰበሰባል» አሉ። ውሃው እንደገና ሲለቀቅ ቫልቯን ከፈቷት።

እንዲያ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ምድር የያዘችውን ትንፋሽ የለቀቀች ያህል ነው፤ ረዘመ፣ ረዘመ፣ ከብቱ ሁሉ በረገገ። ከዚያ ተቆራረጠና ውሃ ተፋ። ጋሽ ሰይድ ቫልቯን ዘጉ። ትንሽ ቆይቶ ከቦኖው በኩል እልልታው ቀለጠ። ሮጬ ስደርስ ያ ገደል የወጣ ውሃ እናቴ መዳፍ ላይ ይፈስ ነበር። አትጠጣው፣ አትቀዳው፤ ዝም ብላ ታየዋለች። እኔም አብሬያት አየሁ።

ቦኖው ጋ የቀረው ሊቀ መንበር ጋሽ ሰይድ ሲመጡ በሰው ሁሉ ፊት «ምን ሆኖ ነው የዘገየ?» ብሎ ጠየቃቸው። አባቴን ላብ አጠመቀው። አንዲት ኒፕል ሲያጠብቁ እንኳ ጉራ የሚነዙት ጋሽ ሰይድ፣ «የኔ ስህተት ነው። አየር ማስወጫ መግጠም ነበረብኝ፤ ረሳሁ» አሉ። ከረጢታቸውን አንግተው ወደ አርብ ገበያ መንገድ ጀመሩ። አባቴ ሊሸኛቸው ተከተላቸው፤ ምን እንደተባባሉ አልነገረንም።

ጋሽ ሰይድ ከሞቱ ቆይተዋል። ካቻምና አሮጌውን መስመር የሚቀይሩ ወጣት ቴክኒሻኖች መንደራችን መጥተው ነበር፤ እኔም አባቴን ልጠይቅ ሄጃለሁ። አንደኛው ስልኩን እያየ አውድማው መካከል ምልክት አደረገ። ዕድሜውን ሙሉ ለመጣው ሁሉ «እሺ» ሲል የኖረው አባቴ ከዘራውን ተደግፎ ተነሣ።

«ልጄ፣ በዚህ አንቆፍርም» አለው። «ኋላ የኛን ኃፍረት እንዳትሸከም፣ አሁኑኑ ልንገርህ።»