ትኬቱ አሸዋው ላይ አይሠራም

«አይነሳም!» ብላ ጮኸች ኔልዳ። «መረቡን አምጡልኝ!»

የማጥመጃ ዘንጓ እስከ መያዣው ጎብጦ ጫፉ ወደ ባሕሩ ከተዘረጋው የእንጨት ድልድይ አጥር በታች ወደ ውሃው ያመለክታል። ክሩ እንደ ክራር ጅማት ተወጥሯል። ከታች፣ ድልድዩን በተሸከሙት ግንዶች መካከል፣ መዳብ የመሰለ ሰፊ ጎን አንዴ ብልጭ አለና ጠፋ።

«ከበሮ ዓሣ ነው!» አለ ከጎኗ ያጠምድ የነበረው ፐርቪስ፣ የራሱን ክር በጥድፊያ እየሰበሰበ። «ሚስ ኔልዳ፣ ይሄ ዓሣ ከኔ የመጀመሪያ ሚስት ይከብዳል!»

«ከሁለተኛዋስ?»

«እሷን የሚመዝን ሚዛን የለም።»

ኤልዉድ ጋስኪል ከትኬት መሸጫው ዳስ ወጥቶ እያነከሰ ደረሰ። ለውዝ የጨመረበት የኮላ ጠርሙስ አሁንም በእጁ ነው። ወደ ማንሻው መረብ አየ። መረቡ እንደተለመደው ምሰሶው ላይ ተሰቅሏል፤ ገመዱ ግን ከመሃሉ ተበጥሶ እንደተንጠለጠለ ነው። የተበጠሰው በበጋው መጨረሻ ነበር። የድልድዩ ባለቤት በማግስቱ አዲስ ገመድ ገዝቶ አምጥቶለታል። አዲሱ ገመድ እስከ ዛሬ ከነላስቲኩ ዳሱ ውስጥ ተቀምጧል።

«መረቡስ?» አለች ኔልዳ ዞር ሳትል።

«ገመዱ ተበጥሷል።»

«እስካሁን?»

«ነገ እሠራዋለሁ ብዬ ነበር።»

«እውነቱን ነው» አለ ፐርቪስ። «ኤልዉድ ነገ ያልሠራው ሥራ የለም።»

መረብ ከሌለ አንድ መንገድ ብቻ ይቀራል። ትልቅ ዓሣ የያዘ ሰው ዓሣውን እንደ ከብት እየነዳ ወደ የብስ ይሄዳል። በየመብራት ምሰሶው ዘንጉን ለሌላ ሰው እያቀበለና እየተቀበለ፣ ሌሎቹ ክራቸውን እያነሱ መንገድ እየለቀቁለት፣ ድልድዩ መጨረሻ ድረስ ይጓዛል። ከዚያ በደረጃው ወርዶ አሸዋው ላይ ይቆምና ማዕበሉ ዓሣውን እስኪያመጣለት ይጠብቃል። እዚያ ደሴት ላይ ይህን የማያውቅ ሕፃን እንኳ የለም።

ኔልዳ ግን አልተንቀሳቀሰችም።

«አሸዋው ላይ ፈቃድ የለኝም» አለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ለኤልዉድ ብቻ ነው ያለችው።

ኤልዉድ ቀና ብሎ የባሕሩን ዳር ቃኘ። ኅዳር ነው። ነፋሱ አሸዋውን ያንከባልላል፤ ከአንድ ውሻና ከውሻው ባለቤት በቀር ዳርቻው ባዶ ነው።

«ሂጂ» አላት። «በዚህ ብርድ ማን ያይሻል? ክሩ ሳይበጠስ ሂጂ።»

ሄደች።

ኤልዉድ በዚያች ደሴት ላይ የሚታወቀው በሁለት ነገር ነበር። አንደኛው እግሩ ነው። ጀልባ ላይ ሲሠራ መኪና ጫኝ ጀልባዋ ከወደቡ ጋር ስትጋጭ ዳሌውን ሰብራው፣ በጡረታ ወርዶ የድልድዩ በር ጠባቂ ሆነ። ሁለተኛው ደግሞ ለእያንዳንዱ እንግዳ ትኬት ሲቆርጥ የሚላት ነገር ናት። «ትኬቱ እንጨቱ ላይ ይሠራል። አሸዋው ላይ አይሠራም።» ድልድዩ የራሱ ፈቃድ አለው፤ ትኬት የገዛ ሁሉ እንጨቱን እስካልለቀቀ ድረስ በዚያ ፈቃድ ጥላ ሥር ነው። እግሩ አሸዋ የነካ ሰው ግን በራሱ ስም የተመዘገበ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ኤልዉድ ይህን ለቀሳውስትም፣ ለሰካራምም፣ አንድ ጊዜ ለዳኛም ነግሯል። ፐርቪስ ድምፁን አስመስሎ ሲደግመው ድልድዩ ሁሉ ይስቅ ነበር።

በስም የሚመዘገበውን ፈቃድም የሚሸጠው እሱ ነው። ዳሱ ውስጥ አንዲት አሮጌ ኮምፒውተር አለች። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ አድራሻ፣ የዓይን ቀለም ይጠይቃል። የዓይን ቀለም ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ ራሱ ያረጋግጣል። «ቡናማ ነው ያልከኝ? አረንጓዴ ነው» ብሎ ያረመው ሰው ብዙ ነው። ሥራውን ይወደው ነበር።

ኔልዳ በሚያዝያ መጥታ ነበር። የዓመት ፈቃዷ አልቆ ልታሳድስ። ያን ቀን ከመሃል አገር አንድ ሙሉ የቤተ ክርስቲያን ማኅበር መጥቶ ሰልፉ ከበሩ አልፏል፤ ኮምፒውተሯ ደርቃ አልታዘዝ ብላለች፤ ኤልዉድ ምሳውን አልበላም።

«አንቺ ከእንጨቱ ወርደሽ ታውቂያለሽ?» አላት። «የወቅት ትኬትሽ ይበቃሻል። ሌላ ቀን እናሳድሰዋለን።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ኔልዳ፣ ይሄንን የማወራው እኔ አይደለሁም እንዴ ቀኑን ሙሉ?»

ሌላ ቀን አልመጣም። ነገሩ ትዝ ሳይለው ቀርቶ አይደለም፤ አንዴ ጢሙን ሲላጭ ትዝ ብሎታል። ነገ እነግራታለሁ አለ።

ከሌላ ሰው ይልቅ ለኔልዳ ያ ወረቀት ለምን እንደሚያስፈልጋት ኤልዉድ ያውቃል። ኔልዳ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድታ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ባሏ ሮስኮ ለባሕር ምርምር ጣቢያው በፈቃደኝነት ዓሣ ይመዘግብ ነበር። ትልቁን ከበሮ ይይዝና ይለካል፤ ጀርባው ላይ እንደ ፓስታ የቀጠነ ቢጫ መለያ ሰክቶ መልሶ ይለቀዋል። ሮስኮ ሲሞት ቦርሳውን ከነመሣሪያው እሷ ተረከበች። «ባሌ ያወረሰኝ የማይነሳ መኪናና ይሄንን ቦርሳ ነው» ትላለች፤ «መኪናውን ሸጥኩት።» ጣቢያው ለመዝጋቢዎቹ ያለው ሕግ አጭር ነው። በዓሣ ማጥመድ ጥፋት የተቀጣ ሰው ቦርሳውን ይመልሳል።

አሸዋው ላይ ሲደርሱ ፐርቪስ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ገባና ዓሣውን በጅራቱ ያዘላት። ኔልዳ ተንበርክካ መንጠቆውን ነቀለች። ለካች። መለያውን ሰካች። ዓሣው እስከዚያ ድረስ ከበሮ የሚል ስም ያወጣለትን ድምፅ፣ ጥልቅ የሆድ ድብደባውን፣ አላቋረጠም። ከዚያ ፊቱን ወደ ማዕበሉ አዞረችው። ትንሽ ቆመ፤ ሄደ።

ኤልዉድ ከላይ አጥሩን ተደግፎ ያያል። ከአሸዋ ክምሩ ጀርባ የወጣችውን መኪና መጀመሪያ ያያት እሱ ነው። በሯ ላይ የባሕር ቁጥጥር ምልክት አለ። የወረደችው ተቆጣጣሪ ወጣት ናት፤ ነፋሱ ንግግራቸውን ቃል በቃል ወደ ላይ ያመጣዋል።

«ደህና ዋሉ፣ እሜቴ። ቆንጆ ዓሣ ነው።»

«ቆንጆ ነበር።»

«ፈቃድዎን ልየው?»

ኔልዳ ከኮፍያዋ ውስጥ የወቅት ትኬቷን አወጣች።

«ይሄ እኮ እላይ ነው የሚሠራው።»

«አውቃለሁ።»

«ካወቁ ታዲያ ለምን ወረዱ?» አለች ተቆጣጣሪዋ። ቁጣ የለባትም፤ የገረማት ትመስላለች። ከዚያ ወደ ድልድዩ ቀና ብላ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «እንዲወርዱ የነገረዎት ሰው አለ?»

ኔልዳ ወደ አጥሩ አየች። ፐርቪስም አየ።

ኤልዉድ በኋላ ብዙ ምክንያት ደርድሯል። ፈቃድ ሻጭ ሆኖ ፈቃድ የሌላትን ሰው ወደ አሸዋው ልኳል፤ ቢታወቅ ድልድዩ የራሱን ፈቃድ ሊያጣ ይችላል፤ ባለቤቱ ይጎዳል፤ ሌሎቹ አጥማጆች ይጎዳሉ። ሁሉም እውነት ነው። በዚያች ሰዓት ግን ከእነዚህ አንዱም በሐሳቡ አልነበረም። በሐሳቡ ምንም አልነበረም። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ፤ ይኸው ነው። ከአጥሩ አንድ እርምጃ የራቀ ሰው ከአሸዋው እንደማይታይ ያውቃል። የድልድዩ ባለቤት ሲመጣ ስንት ጊዜ ተሸሽጎበታል።

«የለም» ስትል ሰማት። «ልጅ አይደለሁም። ራሴ ነኝ የወረድኩት።»

ወደ ላይ ስትመለስ ኤልዉድ ዳሱ ውስጥ ጎንበስ ብሎ የበረዶ ሣጥኑን ያስተካክላል፤ የሚስተካከል ነገር አልነበረውም። ኔልዳ መስኮቱ ላይ ቆመች። የተቀበለችውን የክስ ወረቀት አላሳየችውም።

«ገመዱ የታለ?»

«እዚህ… እኔ እሠራዋለሁ።»

«ስጠኝ።»

ሰጣት። አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ የተበጠሰውን ፈታ አዲሱን በመረቡ ቀለበት ላይ አሰረች፤ ቋጠሮውን በጥርሷ አጠበቀች። እጇ በብርዱ ቀልቷል። ፐርቪስ ቆሞ ያያታል። ስትጨርስ መረቡን ሰቅላ ዘንጓን ይዛ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ኤልዉድ ትኬት ሲቆርጥ የለመደውን ሊል አፉን ይከፍትና ቃሉ ይጠፋበታል። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ በጣቱ ማሳየት ጀመረ።

«መዝሙሩን ረሳኸው እንዴ?» አለው ፐርቪስ።

«ተወኝ።»

«እኔማ ትቼሃለሁ። ሆድህ ይተውህ እንደሆነ እሱን ጠይቀው።»

እሑድ ከሰዓት አንድ ከረጢት ኦይስተር የሚባለውን ባለዛጎል የባሕር ምግብ ተሸክሞ ኔልዳ ቤት ሄደ። በዚያ ደሴት ጥፋቱን ያወቀ ሰው ባዶ እጁን አይሄድም። ኔልዳ የውጭውን የሽቦ ወንፊት በር ሳትከፍት ከውስጥ ቆመች።

«ፍርድ ቤት ቅረቢ» አላት። «እኔ እመሰክራለሁ። ፈቃዱ ይቅርብሽ ያልኩሽም እኔ፣ ውረጂ ያልኩሽም እኔ። ዳኛው ይሰርዘዋል፤ ቦርሳውም አይወሰድብሽም።»

«ፐርቪስ ነው የላከህ?»

«ማንም አልላከኝም።»

«ተቆጣጣሪዋ ልጅ እኮ ጠይቃ ነበር። ደህና አድርጋ፣ ጮክ ብላ ነው የጠየቀችው።»

«ሰምቻለሁ።»

«መስማትህንማ አውቃለሁ። ኮፍያህ ሲርቅ አይቻለሁ።»

ኤልዉድ ከረጢቱን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ውሃው ጫማው ላይ ይንጠባጠባል።

«ቀጠሮው መቼ ነው?»

«ማክሰኞ።»

«እመጣለሁ።»

«ጀልባው የመንግሥት ነው፤ ማንም ይሳፈርበታል» አለችና ወደ ውስጥ ገባች። ኦይስተሩን በረንዳው ላይ አስቀምጦ ሄደ።

ማክሰኞ የቤተ ክርስቲያን ከረባቱን አሰረ። ዳሌውን በሰበረችው ጀልባ ተሻግሮ ወደ አውራጃው ከተማ ሄደ። አዳራሹ ውስጥ ከኋላ ተቀምጦ የሚለውን በልቡ ደገመ። በፍጥነት ያሽከረከሩ፣ ያለ መብራት ጀልባ የነዱ፣ ከልኩ ያነሰ ዓሣ የያዙ ሰዎች እየተጠሩ ወጡ። የኔልዳ ስም አልተጠራም። አዳራሹ ሲበተን ወደ ጸሐፊዋ መስኮት ሄደ።

«እሷ ቅጣቱን ትናንት ከፍላለች» አለችው ጸሐፊዋ። «ጥፋተኛ ነኝ ብላ ፈርማለች።»

«እኔ ምስክር ነኝ።»

«ለየትኛው ጉዳይ?»

«ለሷ።»

«የሷ ጉዳይ የለም ጌታዬ። ተዘግቷል።»

ሲመለስ ጀልባዋ ጠርዝ ላይ ቆሞ አሰበ። ኔልዳ ቀድማ የከፈለችው እንደማይመጣ ስላሰበች ይሆን? ወይስ እንደሚመጣ አውቃ፣ መጥቶ እንጀራውን እንዳያጣ? የትኛው የባሰ እንደሆነ ሊወስን አልቻለም። ወደቡ ላይ እንደወረደ ለቁጥጥር ቢሮው ደወለና ሁሉንም ተናገረ፤ ከዚያ ለድልድዩ ባለቤት።

«ጥርስ ሕመም ነው እንዴ፣ ልታወጣው የቸኮልከው?» አለው ባለቤቱ። «መጀመሪያ ለኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

ድልድዩ ማስጠንቀቂያ ደረሰው እንጂ ፈቃዱን አላጣም። ዳሱ ግን ከዚያ በኋላ በስም የሚመዘገብ ፈቃድ እንዳይሸጥ ታገደ፤ ኮምፒውተሯን መጥተው ነቀሏት። የኔልዳ ቅጣት ባለበት ጸና። የፈረመችው ራሷ ናት፤ ፈቃድ እንደሌላትም ታውቅ ነበር።

በታኅሣሥ ኔልዳ መጣች። ቦርሳውን ኮምፒውተሯ ከነበረችበት ባዶ ቦታ ላይ አስቀመጠችው።

«የጣቢያው ሰውዬ ሐሙስ ይመጣል። ስጠው።»

«ኔልዳ፣ እኔ—»

«የፊት ኪሱ ዚፕ ይይዛል። ሮስኮ ነው ያበላሸው። ቀስ ብሎ እንዲከፍተው ንገረው።»

ሐሙስ ሰውዬው መጣ። ኤልዉድ ስለ ዚፑ ነገረው። ሌላውንም፣ ገመዱንም፣ ሚያዝያንም፣ ወደ ኋላ የሄዳትንም እርምጃ ነገረው። ሰውዬው ቦርሳውን ትከሻው ላይ እንዳነገተ እስከ መጨረሻው ሰማው።

«እኔ መሰብሰብ ብቻ ነው ሥራዬ፣ አባባ» አለው።

ዓሣው በሚቀጥለው ሰኔ ከደሴቱ በስተሰሜን ባለ ወሽመጥ ውስጥ እንደገና ተያዘ። ኔልዳ የሰካችው መለያ አልወለቀም ነበር።