ለአቶ ሚፍታ የተጋበዘው ዘፈን

አሰላ ውስጥ የድሮ የፈረንጅ ዘፈን ምረጡልኝ የሚል ሰው የሚሄድበት ቤት አንድ ነው፤ የጋሽ እንደሻው መርሻ። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸው ቢደክምም ለዘፈን ሲሆን ምላሳቸው አልደከመም። "አንተ አሁን ምን ሆነህ ነው የመጣኸው?" ብለው ሳይጠይቁ ዘፈን አይሰጡም። ለተጣላ ሌላ ነው፣ ለናፈቀ ሌላ ነው፣ ጭነት ይዞ ወደ አቦምሳ ለሚወርድም ሌላ ነው። ጊታር የሚያስጮኹትን የሮክ ዘፈኖች "ከቁርስ በፊት አይሰሙም፣ ሆድ ይረብሻሉ" ይላሉ። የካንትሪዎቹን ግን በማንኛውም ሰዓት ይፈቅዳሉ። "እነዚህ እንደኛው ገበሬ ናቸው፤ ላምና ፈረስ ያውቃሉ" ባይ ናቸው።

ነገሩ የጀመረው ድሮ፣ ስዊድኖች አሰላ ላይ የእርሻ ፕሮጀክት በነበራቸው ጊዜ ነው። ጋሽ እንደሻው እዚያ ዕቃ ግምጃ ቤት ይሠሩ ነበር። አንዱ ስዊድናዊ አገሩ ሲገባ ቴፕና አርባ ካሴት ትቶላቸው ሄደ። ኋላ ሥራ ለቀው ከመናኸሪያው ጀርባ ሻይ ቤት ሲከፍቱ፣ ሹፌሩ ሁሉ ለዘፈኑ ብሎ ይመጣ ጀመር። ሻዩማ፣ እውነት እንነጋገር ከተባለ፣ ሙቅ ውሃ ነበር።

ታዲያ ሹፌር ዘፈን ሰምቶ ዝም አይልም፤ "ምን ይላል?" ብሎ ይጠይቃል። ጋሽ እንደሻው ደግሞ "አላውቅም" ማለት ሞታቸው ነው። እንግሊዝኛቸው ከ"ጉድ ሞርኒንግ" ተነስቶ የመፍቻና የብሎን ስም ላይ ሲደርስ ያልቃል። ቢሆንም ዓይናቸውን ጨፍነው የዘፋኙን ድምፅ ያዳምጡና ይተረጉማሉ። "ይሄ እናቱ የሞተችበት ነው።" "ይቺ ደግሞ ባሏን አውቶቡስ ላይ ጥላው የወረደች ናት።" ማን ይከራከራቸዋል!

አምና ልጃቸው መቅደላዊት ቴሌግራም ላይ "የእንደሻው ግብዣ" የሚል ግሩፕ ከፈተችላቸው። እሁድ እሁድ ከምሳ በኋላ በራሳቸው ድምፅ አንድ ዘፈን ይጋብዛሉ፤ ትርጉሙንም ያክሉበታል። ከሮቤ፣ ከአቦምሳ፣ ከአዳማ ሳይቀር ሰዉ ተሰበሰበ። እሳቸውም ያ የሻይ ቤቱ ዘመን ተመልሶ የመጣ መስሏቸው ደስ አላቸው፤ እሁድ በደረሰ ቁጥር ጢማቸውን ተላጭተው፣ ኮት ለብሰው ነበር ስልኩ ላይ የሚናገሩት።

አንድ እሁድ ከሁሉ የሚወዱትን ጋበዙ። "ይሄ ልጅ" አሉ፣ "አባቱን አስቀይሞ ከቤት የወጣ ነው። ተመልሶ መጥቶ ደጁ ላይ ቆሞ፣ 'አባቴ፣ ይቅር በለኝ አልልህም፣ ይቅርታ ይበዛብኛል። ብቻ በሩን አትዝጋው፤ እዚሁ ቆሜ ድምፅህን ልስማ' ነው የሚለው።"

ብዙም ሳይቆይ ሮሐ የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጻፈች። "አባባ እንደሻው፣ እንዳይቀየሙኝ። ግጥሙን ፈልጌ አነበብኩት። ሰውዬው አሮጌ የጭነት መኪናውን ሸጦ፣ ገዢውን 'ዳገት ላይ አታስጨንቃት' እያለ ሲለምን ነው እንጂ አባት የሚባል የለበትም።"

ግሩፑ በሳቅ ተሞላ። መቅደላዊት አንብባላቸው አየት ስታደርጋቸው ፊታቸው አመድ መስሏል።

"አባዬ፣ ምን ችግር አለው? ሰዉ እኮ ወዶህ ነው የሚስቀው።"

"ሰዉ ይሳቅ! እኔን የጨነቀኝ ሚፍታ ነው።"

አቶ ሚፍታ የድሮ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው። በጎረምሳነታቸው ያባታቸውን የእርሻ በሬ ሳያስፈቅዱ ሸጠው መንጃ ፈቃድ አወጡበት፤ ከዚያ በኀፍረት ዘጠኝ ዓመት ሮቤ አጠገብ ያለውን የአባታቸውን ቤት አልረገጡም። ከዛሬ ሠላሳ ስድስት ዓመት በፊት ታዲያ ሻይ ቤቱ ውስጥ ይሄንኑ ዘፈን ሰሙ፣ ትርጉሙንም ሰሙ። ሻያቸውን ሳይጨርሱ መኪናቸውን አስነስተው ሮቤ ሄዱ፤ ከአባታቸው ጋር ታረቁ። አባትየው በሁለት ወሩ ሞቱ። ከዚያ ወዲህ አረፋ በመጣ ቁጥር "ሥጋችን ባይገናኝ ማርን ማን ይከለክለናል" እያሉ ለጋሽ እንደሻው ማር ሳይልኩ ቀርተው አያውቁም። ሠርግ ላይም ለቅሶ ላይም "እኔን ካባቴ ያስታረቀኝ እንደሻው የጋበዘኝ ዘፈን ነው" ይላሉ።

አቶ ሚፍታ ቴሌግራም አያውቁም። ልጃቸው ቢፍቱ ግን ግሩፑ ውስጥ አለች፤ ከገበያ ስትመለስ ማንበቧ አይቀርም። ጋሽ እንደሻው እሷን መቅደም አለባቸው። ወዳጃቸው ባባቱ ነገር መታለሉን ከሌላ አፍ ከሰማ፣ ከዚያ በኋላ በምን ዓይን ያያቸዋል? ኮታቸውን እንደለበሱ ባጃጅ ይዘው ሄዱ።

አቶ ሚፍታ በራቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር።

"ሚፍታ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነው። እንዳትቆጣ።"

"በዚህ ዕድሜያችን ደግሞ ምን የሚያስቆጣ ነገር ቀረን? ይልቅ ተቀመጥ።"

ቆመው ነገሯቸው። መኪናዋን፣ ዳገቱን፣ ገዢውን፣ አንድም ሳያስቀሩ። አቶ ሚፍታ መጀመሪያ አፋቸውን ከፍተው ሰሙ፤ ከዚያ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። "ለሹፌር የመኪና ዘፈን! ወላሂ፣ ሰውህንስ አልሳትክም!"

ሳቃቸው ግን ብዙ አልቆየም።

"ቆይ ቆይ። በሩን አትዝጋው የሚለው ታዲያ የማን ቃል ነው?"

"የኔ።"

"ከየት አመጣኸው?"

ጋሽ እንደሻው ያን ጊዜ ተቀመጡ። ይህን ለሟች ሚስታቸውም ለልጃቸውም ነግረው አያውቁም።

"መሬት የተወረሰ ጊዜ ሳጉሬ ስብሰባ ተጠራ። ያባቴ ስም ተነበበ፣ መሬቱ ለጭሰኞቹ ተሰጠ። እኔ ወጣት ነኝ፣ ከሰዉ መሀል ቆሜ አጨበጨብኩ። አዋጁን ዛሬም አልጠላውም፤ ግን አባቴ ነበር። ፊቴን አላየም ሚፍታ፤ እጄን ነው ያየው። ከዚያ ቤቱ አልሄድኩም። የምለውን ግን ቀን ከሌት አጠናው ነበር። አንተ ምን ይላል ስትለኝ ያው ያጠናሁት ወጣ።"

"እኔ ሮቤ የሄድኩ ጊዜ አባትህ በሕይወት ነበሩ?"

"ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖሯል።"

"ሳጉሬ?"

"ሳጉሬ።"

"ያ'ላህ! ሳጉሬ እኮ እዚህ ነው! እኔን ሮቤ ድረስ ልከህ አንተ ቀረህ?"

"ፈራሁ" አሉ ጋሽ እንደሻው። "ለሰው መጋበዝ ቀላል ነው።" አቀርቅረው ኮታቸውን እያሻሹ አለቀሱ። ሰባ ሁለት ዓመት የሞላው ሰው መንገድ ዳር ሲያለቅስ ማየት ይከብዳል፤ አቶ ሚፍታ ፊታቸውን ዞር አድርገው ጠበቁ። ከዚያ ወንበራቸውን አስጠጉ።

"ስማ እንደሻው። እኔ ያንን ቃል አንዲት ሳልጨምር፣ አንዲት ሳልቀንስ ነው ላባቴ ያልኩት። ሰው ፊት ሳወራው እበሩ ላይ አቆማለሁ፤ አባቴ ምን ብሎ እንደመለሰልኝ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ቃሉ ያንተ ከሆነ ግን መልሱም ያንተ ነው።"

ጋሽ እንደሻው ቀና አሉ።

"ምን አሉህ?"

አቶ ሚፍታ መጀመሪያ አባታቸው እንዳሉት በኦሮምኛ አሉት። ከዚያ ባማርኛ ደገሙት።

"'በሩን ማን ዘጋብህ? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ውሻውን የማስረው እኮ፣ ድንገት ከመጣህ እንዳይነክስህ ብዬ ነው' አለኝ።"

ጋሽ እንደሻው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"እስቲ ድገምልኝ" አሉ።