የሦስተኛው ወርዋሪ ቀኝ ክንድ

ኳስ እፈራለሁ። ይህን ካልተናገርኩ የቀረው ነገር አይገባም። የቤዝቦል ኳስ ከብርቱካን ብዙም አትበልጥም፤ ነገር ግን ስትመታ እንደ ድንጋይ ናት። አንድ ቀን ልምምድ ላይ ጆሮዬን ጨርፋኝ ካለፈች ወዲህ የዱላውን ድምፅ ስሰማ ዓይኔን እጨፍናለሁ። መወርወርስ እችላለሁ፤ አሠልጣኛችን ልምምድ ላይ ያስወረውሩኛል። የምፈራው ተመትታ የምትመለሰዋን ነው።

ስለዚህ እዚህ ጀርመን አገር፣ በሰፈራችን በፕሮይንገስሃይም ቡድን ውስጥ ቦታዬ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ለልጆች ሒሳብ አስተምራለሁ፤ እሁድ እሁድ ደብተር ይዤ የእያንዳንዱን ተጫዋች ውርወራና ምት እመዘግባለሁ። ቡድኑ ሥርዓት ወዳድ መሆኔን አይቶ የተጫዋቾችን ፓስ፣ የቡድን መታወቂያቸውን፣ እንድይዝም አድርጎኛል። ሰው ሲገባና ሲወጣ ቅጹ ላይ የምፈርመው እኔ ነኝ።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላስረዳ። ወርዋሪው ኳሷን ይወረውራል፤ መቺው በዱላ ሊመታት ይሞክራል፤ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ የሚጠብቃት ተቀባይ ይባላል። ጨዋታ የሚጀምሩ ወርዋሪዎች ክንዳቸው እንዲያርፍ በተራ ነው የሚገቡት። የመጀመሪያው ኮከብ ነው። የመጨረሻው፣ ሌላ ሰው ሲጠፋ የሚጠራ ነው። ሦስተኛው ከሁለቱ መሀል ያለ ነው፤ ከሠላሳ ተማሪ አሥራ አምስተኛ እንደሚወጣ ልጅ አይሸለምም፣ አይቀጣምም፣ ከቀረ ግን ክፍሉ ይጎድላል። የእኛ ሦስተኛ በጸደይ ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ ጎድለን ነበር።

የሌላው ሰፈር፣ የሪደርቫልድ ቡድን የራሱን ሦስተኛ ሊሰጠን ፈቀደ። በእኛ ሊግ ሰው የሚለወጠው በሰው ነውና በምትኩ ጠንካራውን መቺያችንን ጠየቀ። መቺያችን የአውቶቡስ ሹፌር የሆነ ያገሬ ልጅ ነው፤ ረጅም፣ አፉ የማያርፍ። ሐሳቡን ሲሰማ ከሁላችንም በላይ እሱ ደስ አለው።

«ሜዳው እኮ ከቤቴ በር አምስት ደቂቃ ነው» አለ። «ተኝቼ እደርሳለሁ። መምህርት፣ በሰንጠረዥሽ እንዳታዘገዪኝ!»

አሠልጣኛችን ሽማግሌ ናቸው። በወጣትነታቸው እዚህ ከተማ በነበረው የአሜሪካ ወታደሮች ወጥ ቤት ሳህን እያጠቡ ነው ጨዋታውን የተማሩት። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን።

«ሂጂና ወርዋሪውን እዪው» አሉኝ። «ክንዱን ጠይቂው። እሁድ ከጨዋታው በፊት መልስ እንሰጣለን።»

ረቡዕ ሪደርቫልድ ሄድኩ። ሰውየውም ያገሬ ልጅ ነው፤ ሙስሊም፣ ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ግሪስሃይም ባለ ላገር፣ በዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ ካርቶን የሚጭን። ሊጨብጠኝ ሲመጣ ቀኝ እጁን ዘረጋ፣ በግራው የቀኙን ክርን ደገፈ፣ ጎንበስ አለ። በዕድሜ ታናሹ ነኝ። እንዲህ የሚጨበጡት ታላላቆች ናቸው፤ ምን ዓይነት ቤት ያደገ ሰው ነው አልኩ በልቤ።

«ክንድህ እንዴት ነው?» አልኩት።

«አልሐምዱሊላህ።»

«ትከሻህስ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው።»

«ስትወረውር አያምህም?»

«ተመስገን ነው እህቴ። አንቺስ? ቤተሰብ ደህና? ሥራ?»

ጻፍኩ። ክንድ፦ ጤነኛ። ትከሻ፦ ጤነኛ። ጠባይ፦ እጅግ ጨዋ። እናቴ ትኩሳት ይዟት አልጋ ላይ ሆና እንኳ እንዴት ነሽ ሲሏት «ይመስገን» ነው የምትለው። የእኛ ሰው በመጀመሪያው ጥያቄ ሕመሙን አይናገርም፤ ይህን ከማንም በላይ አውቃለሁ። እስክሪብቶ ስይዝ ግን ረሳሁት።

ቅዳሜ ቅጹን ላስፈርመው ግሪስሃይም ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ፈረቃው ሲያልቅ ወጣ። ሽትራሰንባን፣ የከተማውን ባቡር፣ ስንጠብቅ አንድ የሥራ ባልደረባው አምስት ዓመት የማይሞላት ልጁን ይዞ መጣና ልጅቷ እጇን ዘረጋችለት። ወርዋሪው ቀኙን ሰጣት፤ ግራው ቀኝ ክርኑ ሥር ገባ።

«ለሕፃንም እንዲህ ነው የምትጨብጠው?» ብዬ ሳቅሁ። እሱም ሳቀ።

ሁለት ፌርማታ እንደሄድን ሽትራሰንባኑ ድንገት ፍሬን ያዘ። ሰውየው ሳያስብ በቀኝ እጁ ከራሱ በላይ ያለውን ዘንግ ያዘና አንድ ድምፅ አወጣ። ጩኸት አልነበረም፤ ከጩኸት ያነሰና የከፋ ነበር። ፊቱ ላይ ላብ ችፍ አለ። ወዲያው ግራ እጁ ሄዶ ቀኝ ክርኑን ደገፈ።

የረቡዕ ሰላምታ አክብሮት አልነበረም። ሰውየው ክንዱን ተሸክሞት ነበር የሚዞረው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩ።

«ከእናንተ ፋሲካ በፊት።»

«ሐኪም ጋ አልሄድክም?»

«ቴርሚን፣ ቀጠሮ አለኝ።»

«ለመቼ?»

«ፕሮቤሳይቴ፣ የሙከራ ጊዜዬ፣ ሲያልቅ። ስድስት ሳምንት ነው የቀረኝ። አሁን ክራንክ ነኝ፣ ታምሜያለሁ ብዬ የሐኪም ወረቀት ባስገባ አያስቀሩኝም።»

«ታዲያ ለምን ትወረውራለህ?»

ዘወር ብሎ ሰዎቹን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ተቀባያችንን አይተሽዋል? ላገር ውስጥ የፈረቃ አለቃዬ ነው። የምወረውራት ኳስ እሱ እጅ ላይ ነው የምታርፈው። እሁድ መወርወር ካቃተኝ፣ ሰኞ ካርቶን በምንህ ታነሳለህ አይለኝም? እናንተ ጋ ብመጣ አያየኝም።»

«እኛም እኮ የምንፈልግህ እንድትወረውር ነው!»

«አውቃለሁ» አለ። «አልሐምዱሊላህ። ብቻ አትጻፊው እህቴ።»

ቅጹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ፈረመ። ቤት ደርሼም ቅጹን ከቦርሳዬ ማውጣት ፈራሁ።

እሁድ ጠዋት ጉባኤያችን በሚከራየው አዳራሽ ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ እኔ ዓይኔን ገልጬ ሰንጠረዥ እሠራ ነበር። ትከሻው ታሟል ብዬ ለቡድኑ ብናገር ልውውጡ ይፈርሳል፤ ለምን ፈረሰ ሲባል ወሬው ሪደርቫልድ ይደርሳል፤ ሰውየው እንጀራውን ያጣል። ጤነኛ ነው የሚለውን ብተወው ጋሼ አምነው ሜዳ ያስገቡታል፤ ክንዱ ይበጠሳል፤ አሁንም እንጀራውን ያጣል። በሁለቱም መስመር መጨረሻ ላይ አንድ መልስ መጣ። ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ አይቼ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ የእኛ ሜዳ ላይ የምንጫወተው ከነዚሁ ከሪደርቫልድ ጋር ነበር። ጋሼ ገና አልመጡም። የፈረቃ አለቃው፣ ሰፊ ደረት ያለው ጀርመን፣ የተቀባይ መከላከያውን ለብሶ ወደ እኔ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም። ፈገግ ብሎ ነው የጠየቀኝ።

«እና፣ ትወስዱታላችሁ?»

«አሠልጣኛችን ሲመጡ...»

«ችግር የለም፤ እኔ በቡድናችን በኩል ቀድሜ ፈርሜያለሁ። ዛሬ ግን ለመጨረሻ ጊዜ ለእኛ ይወርውር። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፤ ጥሩ ስንብት ይሆናል።»

ከትከሻው በላይ አሻግሬ አየሁ። ሦስተኛው ወርዋሪ ጓንቱን አድርጎ ለማሟሟቂያ ወደ መወርወሪያው ጉብታ እየሄደ ነበር፤ ግራ እጁ ቀኝ ክርኑ ሥር። ጋሼን በመንገዱ በኩል ፈለግኋቸው፤ የሉም። ዳኛው ሰዓቱን አየ።

በደንባችን መሠረት ሁለቱም ወገኖች ቅጹን ከፈረሙበት ደቂቃ ጀምሮ ተጫዋቹ የአዲሱ ቡድን ነው። የእኛ ከሆነ ደግሞ ዛሬ ለእነሱ አይወረውርም። ቅጹን አወጣሁ። ቆሜ መዳፌ ላይ ስለፈረምኩ ፊርማዬ የአንደኛ ክፍል ተማሪ የጻፈው መሰለ።

«ተፈረመ» አልኩ። «አሁን የእኛ ነው። ዛሬም።»

«አሁን? ከጨዋታው በፊት?»

«ደንቡ እንዲህ ነው የሚለው» ብዬ አንቀጹን ማስረዳት ጀመርኩ። ስፈራ ማብራራት አላቆምም። ሁለተኛውን ንዑስ አንቀጽ ሳልጨርስ የፈረቃ አለቃው ትከሻውን ሰበቀ።

«እሺ፣ እሺ። እንግዲያው ያንን ረጅሙን ስጡን።»

ሹፌሩ እልል ሊል ምንም አልቀረውም። እዚያው ቆሞ የሪደርቫልድን ማሊያ ለበሰና ሦስተኛውን ሊሰናበት ሮጠ፤ እጆቹን ዘርግቶ፣ ቀኝ ትከሻውን አስቀድሞ። ወንዶቻችን ሰላም የሚባባሉት ትከሻ ለትከሻ ተጋጭተው ነው፤ ደስ ሲላቸው ደግሞ አጥብቀው ነው የሚጋጩት። ሦስተኛው እንደ ዛፍ ደርቆ ቀረ። የፈረቃ አለቃው እያያቸው ነበር።

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። መሀላቸው ገባሁና አፍንጫዬ ከሹፌሩ ደረት ጋር ተጋጨ።

«ምነው መምህርት! ቀናሽ እንዴ?»

«ማሊያህን» አልኩ እየተንተባተብኩ፣ «ማሊያህን ገልብጠህ ለብሰሃል!»

ወደታች አየ። እውነትም ገልብጦታል፤ እኔ ግን ሳላይ ነበር የተናገርኩት። ሁሉም ሳቀ። የፈረቃ አለቃውም ስቆ ወደ ቦታው ሄደ። እኔ ሄጄ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

ጋሼ የመጡት ያኔ ነው። ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው። ቀጥሎ የሚሉኝን ከኳስ ይልቅ ፈራሁት።

«ፈረምሽ?»

«ፈርሜያለሁ ጋሼ።»

«ሳትጠይቂኝ።»

«ሳልጠይቅዎት።»

«ምርጡን መቺያችንን ሰጥተሽ የማይወረውር ወርዋሪ አመጣሽ።»

«ስድስት ሳምንት ነው ጋሼ። ከዚያ ሐኪም ያየዋል። ለቡድኑም ያኔ እኔው እናገራለሁ።»

እኔን ትተው ወደ ሦስተኛው ሄዱ። እሱም ሽማግሌ ሲመጣ አይቶ ብድግ አለ፤ ግራው ወደ ክርኑ ሄደ፣ ቀኙ መዘርጋት ጀመረ። ጋሼ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላቸው አጣምረው ጎንበስ ብቻ አሉ።

«ተቀመጥ ልጄ። ዛሬ ደብተር ያዥ አንተ ነህ። መጻፍ ያምሃል?»

«አልሐም...» አለና ቆመ። ወደ እኔ አየ፣ ወደ እሳቸው አየ። «መጻፍ አያመኝም ጋሼ። ማንሳት ነው የሚያመኝ።»

«እንዲህ ንገረኝ እንጂ» አሉ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። መዳፋቸው ላይ ኳስ ነበረች።

«የመጀመሪያውና ሁለተኛው ባለፉት ጨዋታዎች በየተራቸው ወርውረዋል። ዛሬ የሦስተኛ ተራ ነው። እንግዲህ የፈረመች ትወርውር።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ...»

«አውቃለሁ» አሉ ወደ ሦስተኛው እያመለከቱ። «እሱም እየፈራ ይወረውር ነበር።»

ጉብታው ከሩቅ ሲያዩት ዝቅተኛ ነው፤ ሲቆሙበት ግን ሰው ሁሉ የሚያይዎት ይመስላል። የመጀመሪያው መቺ ሹፌሩ ነበር፤ ማሊያውን አስተካክሎ፣ ዱላውን እያወዛወዘ።

«መምህርት፣ በቀስታ! ያው እኔው ነኝ!»

በጎን በኩል አግዳሚውን አየሁት። ሦስተኛው ደብተሬን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ ቀኝ ክንዱን ወረቀቱ ላይ አሳርፎ እስክሪብቶዬን ይዟል። ግራ እጁ ምንም አልያዘም።

ዓይኔን እንዳልጨፍን ለራሴ ነገርኩትና ክንዴን አነሳሁ።