የአሥር ሰዓት መንገድ

ቲኬት ቢሮው ውስጥ «ካርታዋ» ነው የሚሏት። መቼስ ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ቅጽል ስም አያጣም። የትኛው አየር ማረፊያ ከየትኛው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚርቅ፣ በረራው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ኮምፒውተሩን ሳታይ ትናገራለች። እሷ ራሷ ግን አውሮፕላን ላይ ወጥታ አታውቅም። ከሰዓት በኋላ እግሯ ስለሚያብጥ ጫማዋን ጠረጴዛው ሥር አውልቃ ነው የምትሠራው።

አንድ ክፉ ልማድ ነበራት። መንገድ የሚፈሩ አዛውንቶች ሲመጡ ሰዓቱን ትቀንስላቸዋለች። አንዴ አየር ላይ ከወጡ የት ይወርዳሉ? በዚያ ላይ ስንቱን ታስረዳ? ደክሟታል።

የገዛ እናቷንም እንዲሁ አደረገቻቸው። እናቷ ባሕር ማዶ የሚኖረውን ወንድሟን ካዩት ሰባት ዓመት አልፏል፤ ጉልበታቸው ሳይከዳቸው ሊያዩት ቆርጠው ተነሡ። መንገዱ አሥራ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ነው፤ ስድስት ሰዓት በረራ፣ አምስት ሰዓት ትራንዚት፣ ከዚያ ደግሞ ስምንት ሰዓት በረራ። «ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» ሲሏት አፏ እንደለመደው «የአሥር ሰዓት መንገድ ናት፣ እማዬ። መሀል ላይ ትንሽ ታርፊያለሽ» አለቻቸው።

ንጋት ላይ ሸኝታቸው በዚያው ሥራ ገባች። ቢሮው ሊዘጋ ሲል ስልኳ ጮኸ። የማታውቃት ሴት ነች።

«እኔ እዚህ ትራንዚቱ ላይ የጽዳት ሠራተኛ ነኝ። ቋንቋቸውን ስለማውቅ ነው የጠሩኝ። እናትሽ ቦርሳቸውን አቅፈው መውጫው አጠገብ ተቀምጠዋል። ‹ደርሻለሁ፣ ልጄ ሳይመጣ አልነቃነቅም› ብለው አውሮፕላኑ ጥሏቸው ሄደ።»

ካርታዋ ክው አለች። እናቷ ስልኩን ተቀበሉ።

«ሰዓቴን እያየሁ ቆጠርኩ፣ ልጄ። አሥሩ ሲሞላ ተነሣሁ። ወንድምሽ ግን የለም። ምን ሆኖብኝ ነው?»

«ትንሽ ነው የቀረሽ» የሚለው ቃል አፏ ላይ መጣ። ዋጠችው።

«እሱ ደህና ነው፣ እማዬ። ገና አልደረሽም። መንገዱ አሥራ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ እኔ ነኝ የዋሸሁሽ። አሁን እስከ ነገ ጠዋት እዚያው ትቆያለሽ፤ ከዚያ ስምንት ሰዓት በረራ አለሽ። የዋሸሁሽ እንዳትፈሪ ብዬ ነው።»

እናቷ «መንገዱን መቼ ፈራሁ?» አሉ። «ሁለት ቀን ነው ብትይኝ ሁለት ቀን እቀመጥ ነበር። ልጄ ሞቶ ነው የቀረው ብዬ አንድ ሰዓት ሙሉ አለቀስኩ እኮ።»

ካርታዋ እግሯ ቀዝቅዞ ጫማዋን በእግሯ እየዳበሰች ፈለገች።

«በይ አሁን ደህና አድርገሽ ንገሪኝ፤ ነገ በስንት ሰዓት ነው የምነሣው?»

ካርታዋ ሰዓቱን በቃሏ ታውቀዋለች። ያም ሆኖ ኮምፒውተሩን ከፍታ አየች።